ቼክ ስጠብቅ ጓደኛዬ የፖቱን (መሃል የተከማቸውን ገንዘብ) እጥፍ ያስይዝብኛል፣ ሄድስ አፕ ፖከር (ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት) ላይ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔና አንድ አብሮ አደጌ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ቅዳሜ ማታ ከስራ ስንወጣ ስድስት ሰባት ሆነን እሱ ቤት ፖከር እንጫወታለን። ብላይንዱ (ካርታ ከመታየቱ በፊት የግድ የሚያዘው) 1 እና 2 ዶላር ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ እኔና እሱ ግን 200፣ 200 ዶላር ይዘን ሁለታችን ብቻ እንቀጥላለን። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጫወትን። አንዱን ሳምንት እሱ፣ አንዱን ሳምንት እኔ፣ ማንም ማንንም አልጎዳም።

ከሁለት ወር ወዲህ ሰውዬው አጨዋወቱን ለወጠው። ድሮ እኔ ከበተን (ከፍሎፕ ጀምሮ መጨረሻ ከሚወስነው ቦታ) ላይ ሬይዝ ካደረግኩ (ገንዘቡን ከፍ ካደረግኩ) ፍሎፕ (መሃል ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች) ላይ ሁሌ ቼክ ያደርግልኝ (ሳያስይዝ ያሳልፍልኝ) ነበር፣ የማስይዘው እኔ ነበርኩ። አሁን ቼክ ስጠብቅ እሱ ቀድሞኝ ያስይዛል። አንዳንዴ ትንሽዬ፣ አንዳንዴ የፖቱን እጥፍ። ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባኝም፣ ልቤ መምታት ይጀምራል፣ ከዚያ የማይሆን ውሳኔ እወስናለሁ።

ሁለት እጅ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው። በተን ላይ ነኝ፣ ኤስ ሃርት እና ኩዊን ክለብ ይዣለሁ። 6 ዶላር አደረግኩት፣ ኮል አደረገ (ያንኑ ያህል ከፈለ)፣ ፖቱ 12። ፍሎፑ ኩዊን ስፔድ፣ 8 ሃርት፣ 5 ሃርት። ቼክ ስጠብቅ 4 ዶላር ወረወረ። 14 አደረግኩበት፣ ኮል። ፖቱ 40። ተርን (አራተኛው ካርታ) 7 ክለብ። ቼክ አለ፣ 20 አስያዝኩ፣ ኮል። ፖቱ 80። ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው ካርታ) 2 ሃርት። ካርታው ጠረጴዛውን ከመንካቱ የቀረውን 160 ዶላር በሙሉ ገፋው። 80 ዶላር ባለበት ፖት ላይ 160! ብዙ አሰብኩ። ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ፣ ለምሳሌ ሁሉም ሃርት) ሞልቷል፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር) ሊኖር ይችላል፣ የኔ ግን አንድ ጥንድ ነው። ፎልድ አደረግኩ። እጄን ከጣልኩ በኋላ ጃክ እና 10 ገልብጦ አሳየኝ። ምንም አልነበረውም።

ሁለተኛው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ኤስ እና 10 ይዣለሁ። 6 አደረግኩ፣ ኮል፣ ፖቱ 12። ፍሎፑ 10፣ 6፣ 3፣ ሦስቱም የተለያየ ዓይነት። ቼክ አለ፣ 6 አስያዝኩ፣ ኮል፣ ፖቱ 24። ተርን ላይ ጃክ ወጣ። ድንገት 72 ዶላር አስያዘ፣ የፖቱን ሦስት እጥፍ! «ዛሬስ አትሸውደኝም» ብዬ ወዲያው ኮል አደረግኩ። ሪቨር 4 ወጣ፣ የቀረውን 116 ገፋ፣ እሱንም ኮል አደረግኩ። ገለበጠ፤ ጃክ እና 10። ያው ጃክ እና 10፣ አሁን ግን ሁለት ጥንድ ሆኖ።

ስሸሽ የለውም፣ ስጠራው አለው። ካልጠበቅኩት ቦታ ያልጠበቅኩት መጠን ሲመጣ መጀመሪያ ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ።

የሂሳብ አስተማሪ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም እጅ ደጋግሜ አነበብኩልህ። «ፍላሽ ሞልቷል» አልክ፣ «አትሸውደኝም» አልክ። ኮል ማድረግ ስንት እንደሚያስከፍልህና ለዚያ ስንት ጊዜ ማሸነፍ እንዳለብህ ግን አንድም ቦታ አላነሳህም። ከዚህ ነው መጀመር ያለብህ። ሰውዬው ምን ይዞ ይሆን የሚለው ቀጥሎ ይመጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንተ የምትጨምረውን ገንዘብ፣ ከጨመርክ በኋላ ለሚኖረው ጠቅላላ ፖት አካፍለው። ፍሎፕ ላይ 12 ዶላር ነበር፣ እሱ 4 አስያዘ፣ አንተ 4 ብትጨምር 20 ይሆናል። 4 ለ20፣ 20 በመቶ። ከአምስት አንዴ ካሸነፍክ አልከሰርክም ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የሚጣል እጅ በጣም ጥቂት ነው፤ አንተ ደግሞ የላይኛውን ጥንድ ከኤስ ጋር ይዘሃል፣ 14 ማድረግህ ትክክል ነበር። የፖቱን ግማሽ ካስያዘብህ 25 በመቶ ያስፈልግሃል። ፖቱን እኩል ካስያዘ 33። እጥፉን ካስያዘ 40። እነዚህን አራት ቁጥሮች ሸምድዳቸው፣ እስከ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ሌላ አላስፈለገኝም።

ሪቨር ላይ 160 ጨምረህ 400 ለመውሰድ ነበር፣ 40 በመቶ። ስለዚህ ያኔ ራስህን መጠየቅ የነበረብህ «ፍላሽ አለው ወይስ የለውም» ብለህ አይደለም፣ «እንዲህ ከሚገፋባቸው አስር ጊዜዎች አራቱን ባዶውን ነው ወይ» ብለህ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ያስፈራሃል፣ ሁለተኛው ያስቆጥርሃል።

በሌላው በኩልም እየው። እሱ 80 ለመውሰድ 160 አደጋ ላይ ጥሏል። ባዶውን ሲገፋ አዋጭ የሚሆንለት ከሦስት ጊዜ ከሁለት በላይ ከሸሸህ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ይዘኸው ከምትደርሰው እጅ ሁሉ ቢያንስ ከሦስት አንዱን ይዘህ መቆም አለብህ፣ አለበለዚያ ምንም ይያዝ ምን እየገፋ ይበላሃል። ትንሽ ሲያስይዝ ደግሞ በጣም ሰፋ አድርገህ መቆም አለብህ፤ ለ4 ዶላሩ ከአራት ሦስቱን።

ሁለተኛው እጅ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ተርን ላይ ነው። 72 ጨምረህ 168፣ ወደ 43 በመቶ። ግን 72 ብቻ አይደለም የምትከፍለው። ከኋላ 116 ቀርቶታል፣ እንደሚገፋውም ታውቃለህ። በጠቅላላው 188 አውጥተህ 400 ለመውሰድ ነው የተጫወትከው፣ 47 በመቶ። ተርን ላይ ትልቅ ገንዘብ ሲመጣብህ የሪቨሩንም ሂሳብ አብረህ ካልሰራህ ግማሹን ብቻ ነው ያየኸው።

በተግባር ግን አንድ ነገር አድርግ። ያልጠበቅከው ሲመጣ እጅህን ከቺፕህ (ከመጫወቻ ገንዘብህ) ላይ አንሳ። «ስንት ነው?» ብለህ ጠይቀው፣ ብታውቀውም ጠይቀው። ፖቱን ጮክ ብለህ ቁጠር። ይህ አስር ሴኮንድ ይወስዳል፣ የልብ ምትህም በዚያው ይረጋጋል።

አሮጌ ካርታ

እህታችን ሂሳቡን በደንብ አስቀምጣዋለች፣ አልደግመውም። እኔ ስለ ሰውዬው ልናገር።

ሃያ ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ፣ አብዛኛውን ከማውቃቸው ሰዎች ጋር። ቼክ ሲጠበቅ ቀድሞ ትንሽ የሚያስይዝ ሰው ብዙ ጊዜ መካከለኛ እጅ ወይም ያልሞላ ነገር ነው የያዘው። አንተ ትልቅ እንዳታስይዝበት ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፣ በርካሽ ቀጣዩን ካርታ ማየት ይፈልጋል። ያንተም ሰው ያደረገው ልክ ይህንን ነው። ጃክ እና 10 ይዞ፣ 9 ብትወጣለት ስትሬት ነበር፣ ለዚያ ነው 4 ዶላር የወረወረው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም፣ ግን መነሻህ ይሁን።

ሪቨር ላይ የሚመጣው ትልቅ ነገር ሌላ ነው። እዚያ ላይ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረህ ለራስህ አውራው። 4 አስያዘ፣ 14 ላይ ቆመ፣ ተርን ላይ ቼክ ብሎ 20 ከፈለ፣ ሃርት ስትወጣ ገፋ። ፍላሽ የሚጠብቅ ሰው ልክ እንዲህ ነው የሚጫወተው፣ ስለዚህ ታሪኩ ይያያዛል። በሁለተኛው እጅ ደግሞ ፍሎፕ ላይ 6 ከፈለ፣ ጃክ ስትወጣ ወዲያው 72። ጃኳ ምኑን አሻሻለችለት? ጃክ-10ን አሻሻለች። 9-8 ከነበረውም በሁለት በኩል የተከፈተ ስትሬት አገኘ፣ እሱንም ይዞ ሊገፋ ይችላል። እንዲህ እየዘረዘርክ ስትሄድ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ከፊትህ የሚቆጠሩ እጆች እንጂ ጭራቅ የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን ባዶውን ለምን ያሳየህ ይመስልሃል? ፎልድ ካደረግክ በኋላ ካርታውን ዝም ብሎ መመለስ ይችል ነበር። ያሳየህ በሚቀጥለው ሳምንት ኮል እንድታደርግ ነው። አንተም አደረግክ። የ72 ዶላሩን ኮል የወሰንከው ያን ቅዳሜ አይደለም፣ ሰባት ቀን ቀደም ብለህ መኪናህ ውስጥ እየተቃጠልክ ወደ ቤትህ ስትሄድ ነው። በግልጽ የምነግርህ እኔም በዚህ መንገድ ብዙ ገንዘብ ስላወጣሁ ነው።

ማስታወሻ ያዝ። ያልተጠበቀ ነገር ባደረገ ቁጥር መጠኑን፣ ፖቱን፣ ምን ያህል እንደቆየና ምን እንደገለበጠ ቤትህ ስትገባ ስልክህ ላይ ጻፍ። የመጀመሪያውን በፍጥነት ነው የገፋው ብለሃል። 72ቱን ሲያስይዝስ? አስታውሰህ ከሆነ ንገረን።

ፎልድ ይሻላል

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ሁሉ ሂሳብ ለምን? ቤት ውስጥ በ1 እና 2 ዶላር ብላይንድ የሚጫወት ሰው ሪቨር ላይ የፖቱን እጥፍ ሲገፋ በአብዛኛው አለው። በአንድ ጥንድ ኮል አታድርግ፣ አለቀ። አንዴ ባዶውን ስላሳየህ ደንቡ አይቀየርም። ደግሞ የልጅነት ጓደኛህ ነው፣ በዚህ ከቀጠላችሁ ከገንዘቡ በላይ የሚከብድ ነገር ይመጣል። እኔ ብሆን ብላይንዱን ወደ ሳንቲም አወርደው ነበር።

ሌሊት ኮድ

እኔ ፖከር ብዙ አልጫወትም፣ ስራዬ ፕሮግራሚንግ ነው። ግን ይህ ጥያቄ ኮምፒውተሮችን ለዓመታት ያስቸገረ ጥያቄ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ገደብ የሌለው ሄድስ አፕ ሆልደም (እናንተ የምትጫወቱት ዓይነት)፣ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች እንደተጠቀሙበት እያንዳንዱ የትልቁን ብላይንድ 200 እጥፍ ይዞ ሲቀመጥ፣ ከ10 ቀጥሎ 160 ዜሮ ያለው ያህል የውሳኔ ቦታ አለው። አብዛኛው ብዛት የሚመጣው ሰው የፈለገውን መጠን ማስያዝ ስለሚችል ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ጥቂት መጠኖችን ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ ለምሳሌ የፖቱን ግማሽ፣ ፖቱን እኩል፣ ኦልኢን (ያለውን ሁሉ)። አንተ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር ካስያዝክ ወደሚያውቁት ቅርብ መጠን ያጠጋጉታል። 100 ባለበት ፖት ላይ 80 ብታስይዝ «100 ነው» ብሎ ያስባል። ኮል ሲያደርግ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ፖቱ 300 ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን 260። ተርን ላይ ሌላ ማጠጋጋት፣ ሪቨር ላይ ሌላ። መጨረሻ ላይ የሚጫወተው አጠገቡ ያለውን ጨዋታ ሳይሆን በሃሳቡ ያለውን ነው። ጎበዝ ሰዎች ይህን አውቀው ሆን ብለው ያልተለመደ መጠን እያስያዙ ይበሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ክላውዲኮ የሚባል ፕሮግራም ይዞ ፒትስበርግ ውስጥ ሪቨርስ ካዚኖ ላይ ከአራት ባለሙያዎች ጋር 80,000 እጅ ተጫወተ። ተሸነፈ፣ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ በሚቆጠር ቺፕ። በጃንዋሪ 2017 እዚያው ቦታ ሊብራተስ የሚባል አዲስ ፕሮግራም ይዘው ተመለሱ፤ የሰሩት ቱማስ ሳንድሆልም እና ኖአም ብራውን ናቸው። ተጋጣሚዎቹ ዶንግ ኪም፣ ጄሰን ሌስ፣ ጂሚ ቹ እና ዳንኤል ማክአውሊ ነበሩ። 20 ቀን፣ 120,000 እጅ። ሊብራተስ ወደ 1.77 ሚሊዮን ዶላር በሚቆጠር ቺፕ አሸነፈ።

ለአንተ የሚጠቅምህ እንዴት እንዳሸነፈ ነው። ተርን ላይ ሲደርስ፣ ተጋጣሚው ያልታሰበ መጠን ሲያስይዝበት አያጠጋጋውም። ይቆምና ያንኑ ትክክለኛ መጠን፣ ያንኑ ትክክለኛ ፖት ይዞ ከዚያ ወደፊት ያለውን ጨዋታ እንደ አዲስ ያሰላል። ከዚያ በፊት ባሉት ዙሮች ላይ ደግሞ ሰዎቹ ቀን ቀን ደጋግመው የተጠቀሙባቸውን ከእቅዱ ውጭ የሆኑ መጠኖች ሌሊት ሌሊት መርጦ መልስ ያሰላላቸዋል። ሰዎቹ ማታ ተሰብስበው ቀዳዳ ይፈልጋሉ፣ ያገኙት ሲመስላቸው ማሽኑ ደፍኖት ይጠብቃቸዋል።

አንተስ? መጀመሪያ የመጣውን 160 «ትልቅ ገንዘብ ማለት ፍላሽ ማለት ነው» ወደሚለው አጠጋጋኸው። ሁለተኛውን 72 ደግሞ ወዳለፈው ሳምንት 160 አጠጋጋኸው። ሁለቱም ጊዜ ከፊትህ ለነበረው አልመለስክም፣ ቀድሞ ለምታውቀው ነው የመለስከው። ካርታው ሌላ፣ ፖቱ ሌላ፣ ዙሩ ሌላ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቼክ ሲጠበቅ ቀድሞ ማስያዝ የጀማሪ ነገር ነው ይባል ነበር። ሊብራተስ ግን ደጋግሞ አደረገው፣ ከፖቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥም ያስይዝ ነበር፣ በጠንካራም በባዶም እጅ። ስለዚህ ጓደኛህን «አያውቅም» ብለህ አትነሳ። ከየትም ይማረው፣ የሚሰራ ነገር ነው የያዘው።

ቅዳሜ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የማጠጋጋቱ ነገር ልክ እንደ ፎቶ አሳየኝ።

አሮጌ ካርታ፣ ለጠየቅከኝ፦ 72ቱን ሲያስይዝ ቆየ። ቺፑን በአምስት በአምስት ደርድሮ ነው የገፋው፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያውን ግን ሳይቆጥር በሁለት እጁ ነበር የገፋው።

አስተማሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ከአስር አራቱን ባዶውን ነው ወይ» አልሽ። ይህን እንዴት ነው የማውቀው? ስሜት ብቻ አይሆንም?

የሂሳብ አስተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አብረን እንቁጠር። ቤት ቁጭ ብለህ አስር ጊዜ ብትሰራው ጠረጴዛ ላይ ዓይንህ ራሱ ይለምደዋል።

መሃል ላይ ያሉት ኩዊን ስፔድ፣ 8 ሃርት፣ 5 ሃርት፣ 7 ክለብ፣ 2 ሃርት። አንተ ኤስ ሃርት ይዘሃል። 13 ሃርት አለ፣ ሦስቱ መሃል ላይ፣ አንዱ አንተ ጋ። 9 ቀሩ። ከ9 ካርታ ሁለት ሁለት እያደረግክ 36 ጥምር ታወጣለህ። ኤሱ አንተ ጋ ባይሆን 45 ይሆን ነበር። የጠፉት 9ኙ ደግሞ ሁሉም ኤስ ያለባቸው ፍላሾች ናቸው፣ ሰው በጣም የሚወዳቸው። ስለዚህ ያ የያዝከው ኤስ ሃርት ብዙ ዋጋ ነበረው፣ ስትነግረን ግን ስለ እሱ ምንም አላልክም።

36ቱንም አይጫወትም። 10-3 ሃርት ይዞ 6 ዶላር ላይ ኮል አያደርግም እንበል። ግማሹን እንውሰድ፣ 18። ስትሬት ደግሞ 9-6 እና 6-4 ነው። ሁለቱም ካርታ አንድ ዓይነት (ለምሳሌ ሁለቱም ክለብ) የሆኑትን ብቻ ነው የሚጫወተው ብንል፣ ሃርቶቹን ቆጥረናቸዋል፣ ሦስት ሦስት ይቀራሉ። 6። ድምር 24 አለው የሚባል እጅ። ሦስት እኩል ቁጥር ይዞ ፍላሽ በሞላበት ላይ እጥፍ ይገፋል ብዬ ስለማላስብ ትቼዋለሁ፣ አንተ ሰውዬውን ስለምታውቀው ልትጨምር ትችላለህ።

40 በመቶ እንዲሞላ ለ24ቱ 16 ባዶ እጅ ያስፈልጋል። 24 እና 16፣ 40። አሁን ባዶዎቹን እንፈልግ። ጃክ እና 10፦ አራት ጃክ በአራት 10፣ 16። ሁለቱም ሃርት የሆነውን ቀንስ፣ 15። እየው እንግዲህ፣ እሱ ያሳየህ እጅ ብቻውን 15 ነው፣ ድንበሩ ደግሞ 16። በጃክ-10 ሁሉ ይገፋል፣ በሌላ አይገፋም ካልን ኮል ብታደርግ በአማካይ 6 ዶላር ገደማ ትከስራለህ። በ400 ዶላር ፖት ላይ 6 ዶላር ምንም ማለት አይደለም። ከ10-9 እና ከጃክ-9 ትንሽ እንኳን ከጨመረ ግን፣ እያንዳንዳቸው 15፣ 15 አላቸው፣ ኮሉ አትራፊ ይሆናል።

ስለዚህ ያን ቀን ፎልድ ማድረግህ ጥፋት አልነበረም። ኮል ብታደርግም ጥፋት አልነበረም። ድንበር ላይ ያለ እጅ ነው፣ ለዚህ ነው እንደዚያ ያሰቃየህ። ኤስ ሃርት ባትይዝ ኖሮ ያለ ብዙ ማሰብ ፎልድ ነበር የምልህ።

«ፎልድ ይሻላል» ላልከው ወንድሜ፣ የምትለው ነገር ለማናውቀው ሰው ትክክል ነው፣ እኔም ካዚኖ ገብቼ የማላውቀው ሰው ሪቨር ላይ ቢገፋብኝ ባዶ እጆቹን ቀንሼ ነው የምቆጥረው። ይህ ሰው ግን በዚህ ቦታ ጃክ-10 እንደሚገፋ አይተናል። ያየነውን እንዳላየን መሆን አንችልም። ስለ ጓደኝነቱ ያልከውን ግን እኔም እደግፋለሁ።

አሮጌ ካርታ

ቺፕ የደረደረበትንና ያልደረደረበትን ጻፈው፣ አደራ። ግን በሁለት ጊዜ ብቻ አትፍረድ። አምስት ስድስት ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ካየህ ያኔ ከሂሳቡ ላይ ትጨምረዋለህ። ስሌቱ ድንበር ላይ ሲያቆምህ እንዲህ ያለው ነገር ነው አንዱን ወገን የሚያስመርጥህ። ስሌቱ በግልጽ «አይሆንም» ካለህ ግን በቺፕ አደራደር ኮል አታድርግ።

ፎልድ ይሻላል

እሺ፣ ስለ ኤስ ሃርቱ አላሰብኩም ነበር። ተቀብያለሁ። የብላይንዱን ነገር ግን አልተውም።

ቅዳሜ ማታ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ብላይንዱን አውርደነዋል፣ 25 እና 50 ሳንቲም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ እሱም ደስ አለው፤ ለካ እሱም እኔ ከተናደድኩ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል። ቁጭ ብለን አወራን። ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አይቶ ነው ይህን ነገር የጀመረው።

አሁን 50፣ 50 ዶላር ይዘን ነው የምንቀመጠው። ባለፈው ቅዳሜ 9-8 ይዤ በተን ላይ 1.50 አደረግኩ፣ ኮል፣ ፖቱ 3። ፍሎፕ 9፣ 4፣ 2። እሱ ወዲያው 6 ዶላር አስያዘ። እጥፍ። እጄን ከቺፑ ላይ አነሳሁ። «ስንት ነው?» አልኩት። «ስድስት» አለኝ። ፖቱን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ 6 ጨምሬ 15፣ 40 በመቶ። ከኋላ ስንት እንደቀረው አየሁ፣ 42.50። ሁለት ዙር ገና አለ። ዘጠኝ ይዞ እንዲህ ቢገፋ ከኔ የተሻለ ሁለተኛ ካርታ ይኖረዋል፣ ግን 5-3ም ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ኤስ-3፣ ኤስ-5ም። ኮል አደረግኩ። ተርን ኪንግ፣ 15 አስያዘ፣ ፖቱን እኩል። እንደ አዲስ ቆጠርኩ። 33 በመቶ፣ ከኋላ ደግሞ 27.50። ፎልድ አደረግኩ። ካርታውን አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አስተማሪ፣ ተርኑን ልክ ነኝ? ኪንጓ ለእሱ ነው ወይስ ለኔ የምትጠቅመው? ሬይዝ ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ብዙ ኪንግ ያለኝ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩና ከዚያ እሱ ለምን በዚያች ካርታ ላይ ደፈረ የሚለው ላይ ቆምኩ።